የፖለቲካ ፓርቲ መሪዎችና ተጠሪዎች በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያላቸው ድርሻ

1. መግቢያ

በጠቅላላ ምርጫ ዕለት የጎንደር ከተማ፣ የደባርቅ ወይም የጃናሞራ መራጭ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚሰጠው አንድ ድምፅ ሁለት ጉዳዮችን ይወስናል። በመጀመሪያ የምርጫ ክልሉን በፌዴራሉ ሕግ አውጪ አካል የሚወክለውን ሰው ይመርጣል። በሁለተኛ ደረጃ የመረጠው ሰው የፖለቲካ ፓርቲ ዕጩ ከሆነ የፌዴራሉን መንግሥት የሚመሠርተው ፓርቲ በሚለይበት ቆጠራ ላይ አንድ መቀመጫ ይጨምራል። የመጀመሪያው ውሳኔ ለብዙው መራጭ ግልጽ ነው፤ የሚያውቀውን ወይም ሲናገር የሰማውን ሰው ይመርጣልና። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ልብ ሳይባል ይታለፋል።

ተወካዩ አዲስ አበባ ደርሶ ቃለ መሐላ ከፈጸመ በኋላ ለብቻው አይሠራም። የፓርቲው አባላት በምክር ቤቱ ውስጥ ቡድን አላቸው፤ ቡድኑም መሪ ወይም ተጠሪ አለው። የትኛው ጉዳይ መቼ እንደሚቀርብ፣ ማን እንደሚናገር፣ ማን በየትኛው ቋሚ ኮሚቴ እንደሚመደብ፣ በድምፅ አሰጣጥ ጊዜ የፓርቲው አቋም ምን እንደሆነ አባላት የሚመካከሩት በእነዚህ መሪዎች አማካይነት ነው። በመሆኑም የአንድ አካባቢ ጥያቄ በምክር ቤቱ ሰሚ ማግኘቱ በተወካዩ ትጋት ላይ ብቻ ሳይሆን በፓርቲ መሪዎቹ አሠራር ላይም ይመሠረታል።

ይህ ጽሑፍ የፓርቲ መሪዎችና ተጠሪዎች በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያላቸውን ድርሻ፣ የሕግ መሠረቱንና ገደቡን፣ እንዲሁም ዜጎች ይህን ማወቃቸው የሚሰጣቸውን ጥቅም ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከጎንደር ከተማና ከሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች የተወሰዱ ቢሆኑም ሕጉ ለመላው ሀገሪቱ አንድ ነው።

2. የሕግ መሠረቱ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ፓርላሜንታዊ ሥርዓትን መርጧል። በዚህ ሥርዓት አስፈጻሚው አካል ከሕግ አውጪው ውስጥ ይወጣል፤ ተጠሪነቱም ለሕግ አውጪው ነው። ለርእሳችን መነሻ የሚሆኑት ድንጋጌዎች የሚከተሉት ናቸው።

አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት በየ5 ዓመቱ በቀጥታ በሕዝብ እንደሚመረጡና ቁጥራቸው ከ550 እንደማይበልጥ ይደነግጋል። ለምርጫ ከተከፋፈሉት 547 መቀመጫዎች 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። ይኸው አንቀጽ በንዑስ አንቀጽ 4 አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን፣ ተገዢነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው መሆኑን ያስቀምጣል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ፓርቲ አልተጠቀሰም።

አንቀጽ 56 ደግሞ በምክር ቤቱ አብላጫውን መቀመጫ ያገኘ የፖለቲካ ፓርቲ ወይም ፓርቲዎች የፌዴራሉን የአስፈጻሚነት አካል እንደሚያደራጁና እንደሚመሩ ይደነግጋል። እዚህ ላይ ፓርቲ በግልጽ ተጠቅሷል።

የፓርቲ መሪዎች ድርሻ የሚገኘው በእነዚህ ሁለት አንቀጾች መካከል ነው። አንቀጽ 56 ፓርቲው አንድ ሆኖ እንዲቆም ይፈልጋል፤ አባላቱ በየፊናቸው ከተበተኑ መንግሥትን መምራት አይቻልምና። አንቀጽ 54 ደግሞ እያንዳንዱ አባል ኅሊናውን እንዲከተል ያዛል። ጥሩ የፓርቲ መሪ የሚባለውም ሁለቱን አንቀጾች አስታርቆ የሚሠራ ነው።

ከሕገ መንግሥቱ ቀጥሎ የምክር ቤቱ የአሠራርና የአባላት ሥነ ምግባር ደንብ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ይመራል። የፓርቲዎች አመሠራረትና የምርጫ ውድድር የሚመራው በምርጫ፣ በፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና በምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት አንድ ሀገር አቀፍ ፓርቲ ለመመዝገብ ቢያንስ 10,000፣ ክልላዊ ፓርቲ ደግሞ ቢያንስ 4,000 መሥራች አባላት ያስፈልጉታል። ከፓርቲ ውጭ በግል ዕጩነት መወዳደርም የተፈቀደ ነው።

3. ፓርቲ የሌለበት ፓርላማና የአንድ ፓርቲ ሸንጎ

የአሁኑን አሠራር ለመረዳት ያለፈውን ማስታወስ ይጠቅማል። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተቋቋመው ፓርላማ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ነበሩት። ተሻሽሎ በ1948 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያው አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቀደ፤ የመጀመሪያው ምርጫም በ1949 ዓ.ም. ተካሄደ። በዚያን ጊዜ ጎንደር የበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ስትሆን ከአካባቢው የተመረጡ እንደራሴዎችም አዲስ አበባ ሄደዋል። ይሁን እንጂ የፖለቲካ ፓርቲ ስላልነበረ እያንዳንዱ እንደራሴ ለየብቻው የቆመ ነበር። እንደራሴው በግሉ ሊናገርና ሊቃወም ይችል ነበር፤ ነገር ግን አማራጭ ፖሊሲ ይዞ በጋራ የሚቆም ቡድን አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትሩም የሚሾሙት በንጉሠ ነገሥቱ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. በተቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። ፓርቲ ነበረ፤ ግን አንድ ብቻ፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ። ውሳኔው በፓርቲው ውስጥ አልቆ ወደ ሸንጎው ይመጣ ነበር። እነዚህ ሁለት ልምዶች ሲነጻጸሩ አንድ ትምህርት ይገኛል፤ ፓርቲ የሌለበት ምክር ቤት መንግሥትን ለመለወጥ አቅም ያጣል፤ አንድ ፓርቲ ብቻ ያለበት ምክር ቤት ደግሞ መንግሥትን ለመጠየቅ አቅም ያጣል።

4. የገዢው ፓርቲ መሪና ጠቅላይ ሚኒስትሩ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 73 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል። ሕጉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የፓርቲ ሊቀ መንበር መሆን አለበት አይልም። በተግባር ግን አብላጫ መቀመጫ ያለው ፓርቲ መሪውን ስለሚያቀርብ የፓርቲው የውስጥ ምርጫ የሀገሪቱን መሪ የሚወስን ይሆናል።

ይህ ሂደት በ2010 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ከጠቅላይ ሚኒስትርነትና ከኢሕአዴግ ሊቀ መንበርነት ለመልቀቅ ጠየቁ። የግንባሩ ምክር ቤት ከአራቱ አባል ድርጅቶች እያንዳንዳቸው 45፣ በድምሩ 180 አባላት ነበሩት። ምክር ቤቱ በመጋቢት ወር ባደረገው ምርጫ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ በ108 ድምፅ ሊቀ መንበር ሆነው ተመረጡ፤ መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ተሰየሙ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በምክር ቤቱ ውስጥ ከተሰጠው ድምፅ አስቀድሞ ወሳኙ ፉክክር የተካሄደው በፓርቲው መድረክ መሆኑ ነው። የጎንደር መራጭ ፍላጎት በዚያ መድረክ ሊንጸባረቅ የሚችለው በወቅቱ የአማራ ክልልን ይመራ በነበረው ድርጅት 45 ተወካዮች በኩል ነበር። በ2012 ዓ.ም. ከግንባሩ አባል ድርጅቶች ሦስቱና አጋር ድርጅቶች ተዋሕደው ብልጽግና ፓርቲ ሲመሠረት ይህ በኮታ ላይ የቆመ አሠራር ተለወጠ።

የገዢው ፓርቲ መሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን በምክር ቤቱ ፊት ሦስት ዐበይት ኃላፊነቶች አሉበት። አንደኛ፣ የሚኒስትሮችን ሹመት ለምክር ቤቱ አቅርቦ ያስጸድቃል። ሁለተኛ፣ ስለ መንግሥት ሥራ በየጊዜው ሪፖርት ያቀርባል። ሦስተኛ፣ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 መሠረት ምክር ቤቱ ሲጠራው ቀርቦ ጥያቄ ይመልሳል። ከዚህም ሌላ ከምክር ቤቱ አባላት አንድ ሦስተኛው ሲጠይቁ ምክር ቤቱ ለአስፈጻሚው በተሰጠው በማናቸውም ሥልጣን ላይ ይወያያል።

የጥምር መንግሥት ጉዳይም በሕገ መንግሥቱ ታስቦበታል። በአንቀጽ 60 መሠረት መንግሥቱ በጣምራ የተመሠረተ ሆኖ በምክር ቤቱ የነበረውን አብላጫነት አጥቶ ከፈረሰ፣ ፕሬዚዳንቱ ፓርቲዎች በ1 ሳምንት ጊዜ ውስጥ ሌላ ጣምራ መንግሥት እንዲመሠርቱ ሊጋብዝ ይችላል፤ ፓርቲዎቹ ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ተበትኖ አዲስ ምርጫ ይደረጋል። በዚያ አንድ ሳምንት የሀገሪቱ ዕጣ በጥቂት የፓርቲ መሪዎች ንግግር ላይ ይንጠለጠላል ማለት ነው።

5. ተጠሪ ማን ነው? ምንስ ይሠራል?

በምክር ቤቱ ስብሰባ ዜና ላይ «የመንግሥት ዋና ተጠሪ» እና «የመንግሥት ረዳት ተጠሪ» የሚሉ ስያሜዎች ደጋግመው ይሰማሉ። ስያሜው ራሱ ትርጉሙን ይናገራል። አፈ ጉባኤ ማለት የጉባኤው አፍ ነው፤ የሚናገረው በጉባኤው ስም ስለሆነ ስብሰባ ሲመራ ለማንም ወገን ማድላት የለበትም። ተጠሪ ግን ስለ አንድ ወገን የሚጠራና የሚጠየቅ ነው። የመንግሥት ተጠሪው በአስፈጻሚው አካልና በምክር ቤቱ መካከል ድልድይ ሲሆን ሌሎች ፓርቲዎችም የየራሳቸውን ቡድን የሚያስተባብር ተጠሪ ይኖራቸዋል።

የተጠሪዎች ዋና ዋና ተግባራት በሚከተለው መልኩ ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

ሀ) አባላት በስብሰባ እንዲገኙ ማድረግ። በአንቀጽ 58 መሠረት ምልዓተ ጉባኤ የሚሟላው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው። ከ547 አባላት 274 ከተገኙ ጉባኤው መካሄድ ይችላል። በአንቀጽ 59 መሠረት ደግሞ ውሳኔ በመርሕ ደረጃ የሚያልፈው በአብላጫ ድምፅ ስለሆነ፣ በ274 ሰው ጉባኤ 138 ድምፅ አንድን አዋጅ ያሳልፋል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከአማራ ክልል መቀመጫ ብዛት ጋር እኩል ነው። በሌላ አነጋገር የመገኘትና ያለመገኘት ጉዳይ ብቻውን የሕግን ዕጣ ሊወስን ይችላል፤ ተጠሪው አባላትን የሚከታተለውም ስለዚህ ነው።

ለ) የመንግሥትን ረቂቅ ሕጎች ማስተዋወቅ። ከሚኒስትሮች ምክር ቤት የመጣ ረቂቅ አዋጅ በመጀመሪያው ንባብ ሲቀርብ ስለ ዓላማውና ስለ አስፈላጊነቱ ብዙውን ጊዜ ማብራሪያ የሚሰጡት የመንግሥት ተጠሪዎች ናቸው። ከውይይት በኋላ ረቂቁ ለዝርዝር እይታ ወደሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው ባለድርሻዎችን አወያይቶ የውሳኔ ሐሳቡን ይዞ ይመለሳል።

ሐ) በሥራ ቅደም ተከተል ላይ መመካከር። የትኛው ጉዳይ በየትኛው ቀን ይቅረብ በሚለው ላይ ተጠሪዎች ከአፈ ጉባኤው ጋር ይመካከራሉ። አጀንዳ የመያዝ ሥልጣን ቀላል አይደለም፤ በአጀንዳ ያልተያዘ ጉዳይ ድምፅ አይሰጥበትምና።

መ) የመናገሪያ ጊዜንና ተናጋሪን መደልደል። የውይይት ጊዜ ፓርቲዎች ባላቸው መቀመጫ መጠን ሲከፋፈል በየቡድኑ ማን ምን እንደሚጠይቅ ተጠሪው ያስተባብራል።

ሠ) መልእክትን በሁለት አቅጣጫ ማድረስ። ተጠሪው የአመራሩን አቋም ለአባላት ያስረዳል፤ የአባላትን ቅሬታና የመራጮቻቸውን ስሜት ደግሞ ለአመራሩ ያደርሳል። ሁለተኛው ተግባር ከተዘነጋ ተጠሪው ትእዛዝ አስተላላፊ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ አመራሩም በየምርጫ ክልሉ ያለውን እውነታ የሚሰማው ከመሸ በኋላ ይሆናል።

6. የተቃዋሚ ፓርቲ መሪዎች ድርሻ

በምክር ቤት አነስተኛ መቀመጫ ያለው ፓርቲ መሪ በድምፅ ብልጫ ሕግ ማስቀረት አይችልም። ድርሻው ሌላ ነው፤ የመንግሥትን ሥራ መመርመር፣ አማራጭ ሐሳብ ማቅረብ፣ በአብላጫው ያልተወከለውን ሕዝብ ድምፅ በምክር ቤቱ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው።

የሀገራችን ልምድ ይህ ድርሻ በመቀመጫ ብዛት እጅግ እንደሚለዋወጥ ያሳያል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 መቀመጫ አገኙ። ከቅንጅት ተመራጮች ከፊሎቹ ወንበራቸውን ባይረከቡም በምክር ቤቱ ውስጥ በርከት ያለ የተቃዋሚ ቡድን ተፈጥሮ ነበር። በዚያው ዓመት የአጀንዳ አቀራረብ ደንብ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነም ታይቷል። አዲሶቹ አባላት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት አጀንዳ ለማስያዝ የሚያስፈልገው የድጋፍ ብዛት ከፍ መደረጉ ብርቱ ክርክር አስነሥቶ በኋላ የምክር ቤቱ ደንብ እንደገና ታይቷል። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ደግሞ በምክር ቤቱ የተቃዋሚ ፓርቲ መቀመጫ አንድ ብቻ ሆነ፤ ከእርሱ ሌላ አንድ የግል ተመራጭ ነበር። አንድ ሰው ቡድን አይሆንም፤ ተጠሪም አያስፈልገውም፤ በሁሉም ቋሚ ኮሚቴዎች መገኘትም አይችልም። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ መቀመጫዎቹ በሙሉ በኢሕአዴግና በአጋር ድርጅቶች ተያዙ።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የተካሄደውን 6ኛ ጠቅላላ ምርጫ ተከትሎ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሐምሌ 3 ቀን ይፋ ባደረገው ውጤት ብልጽግና ፓርቲ 410፣ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ 5፣ የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2 መቀመጫ አግኝተዋል፤ 4 የግል ተወዳዳሪዎችም ተመርጠዋል። በዚህ ምክር ቤት መጀመሪያ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ በተቃዋሚ ፓርቲ አባል ሰብሳቢነት እንዲመራ ተደርጓል። ኮሚቴው በፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርት ላይ ተመሥርቶ መሥሪያ ቤቶችን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ጠያቂው ከተጠያቂው ወገን ያልሆነ እንዲሆን ማድረግ በብዙ ፓርላማዎች የታወቀ አሠራር ነው።

መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲስ መንግሥት ሲመሠረት ደግሞ ሌላ አዲስ ነገር ታየ። የኢዜማ መሪ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር፣ የአብን ሊቀ መንበር ዶክተር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር፣ ከኦሮሞ ነጻነት ግንባር አቶ ቀጄላ መርዳሳ የባህልና ስፖርት ሚኒስትር ሆነው ሹመታቸው በምክር ቤቱ ጸድቋል። አንቀጽ 74 ሚኒስትሮች ከምክር ቤቶቹ አባላት ውጭም ሊሾሙ እንደሚችሉ ስለሚፈቅድ ይህ ሕጋዊ ነው። ይሁን እንጂ ዜጎች አንድ ልዩነት ማስተዋል ይገባቸዋል። የፓርቲ መሪ በሚኒስትርነት ሲሾም የካቢኔው የጋራ ኃላፊነት ተካፋይ ይሆናል፤ በምክር ቤት ያሉ የፓርቲው አባላት ግን መንግሥትን የመጠየቅ ግዴታቸው አይቀርም። አንድ ፓርቲ በሁለቱም ወገን ሲገኝ ሥራውን በንጽሕና መወጣት የሚችለው የምክር ቤት ቡድኑ የራሱ አቋምና የራሱ ተጠሪ ሲኖረው ነው።

7. የፓርቲ ሥነ ሥርዓትና የአባሉ ኅሊና

በጎንደር ዘመነ መንግሥት በንጉሡ ችሎት አንድ የታወቀ ሥርዓት ነበር። ፍርድ ሲሰጥ አስተያየቱ የሚጀምረው ከዝቅተኛው ባለማዕርግ ነው፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ እየወጣ በመጨረሻ ወደ ንጉሡ ይደርሳል። የሥርዓቱ ጥበብ ግልጽ ነው። ታላቁ ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ የራሱን ሐሳብ ትቶ የታላቁን ይደግማል፤ ታናሹ ቀድሞ ከተናገረ ግን ያመነበትን ይናገራል። ያ ችሎት የተመረጠ ምክር ቤት አልነበረም፤ የመጨረሻው ቃልም የንጉሡ ነበር። ሆኖም የያዘው ጥያቄ ዛሬም ሕያው ነው። የፓርቲው መሪ አቋም አስቀድሞ ከታወቀ አባሉ የመራጮቹን ሐሳብ ለመናገር ምን ነጻነት ይቀረዋል?

ሕገ መንግሥቱ ለዚህ የሰጠው ጥበቃ ሦስት ገጽታ አለው። የመጀመሪያው፣ ማንኛውም አባል በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት ምክንያት አይከሰስም፤ አስተዳደራዊ እርምጃም አይወሰድበትም። ሁለተኛው፣ ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር ያለምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፤ በወንጀልም አይከሰስም። ሦስተኛው፣ በአንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 7 መሠረት አባሉ በሕግ መሠረት ከአባልነት የሚወገደው የመራጩን አመኔታ ሲያጣ ነው። ድንጋጌው የሚናገረው ስለ መራጩ አመኔታ ነው፤ ስለ ፓርቲው አመኔታ አይደለም። ፓርቲ አባሉን በውስጥ ደንቡ ሊገሥጽ፣ በሚቀጥለው ምርጫም ዕጩ ላያደርገው ይችላል። ወንበሩ ግን መራጩ የሰጠው ነው።

በተግባር የፓርቲ ሥነ ሥርዓትና የኅሊና ድምፅ ጎልተው የሚገናኙት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ በሚጠይቁ ውሳኔዎች ላይ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አንዱ ነው። በአንቀጽ 93 መሠረት በሚኒስትሮች ምክር ቤት የተደነገገ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚጸናው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲቀበለው ብቻ ነው።

የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. እንዲህ ያለ አዋጅ ሲቀርብ በምክር ቤቱ የነበሩት 539 አባላት በሙሉ የገዢው ግንባርና የአጋሮቹ አባላት ነበሩ። ቢሆንም 88 አባላት ተቃወሙ፤ 7 ድምፅ ተዓቅቦ አደረጉ። የድጋፉ ቁጥር በመጀመሪያ 346 ተብሎ ተገለጸ፤ በኋላም 395 ተብሎ ታረመ። የ539 ሁለት ሦስተኛ 360 ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አልነበረም፤ እርማቱም በወቅቱ ብዙ አነጋግሯል። ከዚህ ሁለት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛ፣ አንድ ፓርቲ ብቻ በያዘው ምክር ቤት ውስጥ እንኳ የአባላት ኅሊና ሊናገር ይችላል። ሁለተኛ፣ የድምፅ ቆጠራ ጥራት ለውሳኔው ተአማኒነት መሠረት ነው።

ለጎንደርና ለአካባቢው ነዋሪ ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ በአማራ ክልል የተፈጠረውን የጸጥታ ችግር ተከትሎ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 6/2015 ነው። ምክር ቤቱ በእረፍት ላይ ስለነበር አባላት በአስቸኳይ ስብሰባ ተጠርተው ነሐሴ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. አዋጁን በ16 ተቃውሞና በ12 ድምፅ ተዓቅቦ በአብላጫ ድምፅ አጽድቀዋል። እንዲህ ያለ ውሳኔ የሰውን እንቅስቃሴ፣ ሥራና ነጻነት በቀጥታ ይነካል። ስለዚህ ተወካዩ እንዴት እንደ ደመጸና ለምን እንደ ደመጸ መጠየቅ የመራጩ መብት ነው፤ ማስረዳትም የተወካዩ ግዴታ ነው።

8. የሌሎች ሀገሮች ልምድ

የተጠሪነት ሥራ በብሪታንያ ፓርላማ ለረጅም ዘመን የዳበረ ነው። በዚያ የፓርቲ ተጠሪዎች ለአባላት በየሳምንቱ የሥራ ዝርዝር ይልካሉ፤ እጅግ ወሳኝ በሆነው ድምፅ አሰጣጥ ሥር ሦስት መስመር ያሰምራሉ። አባሉ ይህን ተላልፎ ቢደምፅ ከፓርቲው የምክር ቤት ቡድን ሊወጣ ይችላል፤ የምክር ቤት ወንበሩን ግን አያጣም። የዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ደግሞ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተወሰነ ደመወዝ ከመንግሥት ያገኛል፤ መንግሥትን መቃወም ራሱ የመንግሥት ሥርዓት አካል ተደርጎ ተቆጥሯል ማለት ነው።

ሕንድ በ1985 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ጠንከር ያለ መንገድ ተከትላለች። በዚያ የፓርቲውን መመሪያ ተላልፎ የደመፀ አባል ወንበሩን ሊያጣ ይችላል። ሕጉ የወጣው አባላት በጥቅም እየተደለሉ ከፓርቲ ወደ ፓርቲ መዝለላቸውን ለመግታት ነበር፤ የሚተቹት ደግሞ የአባሉን ኅሊና አስሯል ይላሉ። በአሜሪካ አስፈጻሚው ከሕግ አውጪው ስለማይወጣ በኮንግረስ ያሉ የፓርቲ መሪዎች ከፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ቢሆኑም የእርሱ ተሿሚዎች አይደሉም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በመንግሥት አመሠራረት ለብሪታንያና ለሕንድ ይቀርባል፤ በአባሉ ወንበር ጥበቃ ደግሞ ውሳኔውን ለመራጩ ትቷል።

9. ለመራጩ ያለው ጥቅም

ከላይ የተብራራው ሁሉ በአንድ ተጨባጭ ጉዳይ ሊታይ ይችላል። የጎንደር ከተማ የመጠጥ ውኃ ችግር ለረጅም ዓመታት የቆየ ነው። የአንገረብ ግድብ እያደገ የሄደውን የከተማዋን ፍላጎት ማሟላት አልቻለም። ለመስኖና ለከተማዋ የመጠጥ ውኃ ታስቦ በፌዴራል መንግሥት በጀት የተጀመረው የመገጭ ግድብም ግንባታው ከአሥር ዓመት በላይ ተጓትቷል። እንዲህ ያለ ጥያቄ በምክር ቤቱ ውስጥ በሚከተሉት በሮች ሊያልፍ ይችላል።

በመጀመሪያ በበጀት በኩል ነው። የፌዴራሉ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ደግሞ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። ስለዚህ በግንቦትና በሰኔ በሚካሄደው የበጀት ውይይት ላይ ያልተነሣ የፕሮጀክት ጥያቄ አንድ ዓመት ሊዘገይ ይችላል። ቀጥሎ በቋሚ ኮሚቴ በኩል ነው። ውኃና መስኖን የሚከታተለው ኮሚቴ ሚኒስቴሩን ጠርቶ ስለ ግንባታው ሂደት ይጠይቃል፤ በመስክም ያያል። ከዚያም በጥያቄ መድረክ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለጥያቄ በሚቀርቡበት ዕለት ጥያቄው ከፓርቲው ቡድን በሚደርሰው ድርሻ ውስጥ መግባት አለበት። በመጨረሻም የኦዲት ሪፖርት ሲቀርብ ገንዘቡ በምን ላይ እንደ ዋለ ይመረመራል።

በእነዚህ በሮች ሁሉ ላይ የፓርቲ ተጠሪ አለ። በመሆኑም መራጩ ለተወካዩ «ጥያቄያችንን አቅርብልን» ከማለት አልፎ «ለቡድንህ ተጠሪ አቅርበሃል ወይ? በአጀንዳ ተይዟል ወይ? መልሱስ ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ይህ ጥያቄ ተወካዩን የሚያሳፍር አይደለም፤ ይልቁንም በፓርቲው ውስጥ ለሚያደርገው ክርክር ስንቅ ይሆነዋል።

ተወካዮች ወደ ምርጫ ክልላቸው የሚመለሱት በዋናነት ምክር ቤቱ ሥራ በማይሠራበት ከሐምሌ እስከ መስከረም የመጨረሻ ሳምንት ባለው ጊዜና በዓመቱ አጋማሽ በሚኖረው የ1 ወር እረፍት ነው። በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ተራራማ ቀበሌዎች የክረምቱ ወራት መንገድ የሚከብድበት ጊዜ በመሆኑ፣ ጥያቄዎችን አስቀድሞ በጽሑፍ አደራጅቶ በወረዳ ምክር ቤት፣ በዕድር ወይም በሌላ የጋራ ማኅበር በኩል ማድረስ ይመከራል። በጽሑፍ የቀረበ ጥያቄ ተወካዩ ለተጠሪው፣ ተጠሪውም ለአመራሩ ሳይሸራረፍ ሊያደርሱት ይችላሉ።

10. ማጠቃለያ

የፓርቲ መሪዎችና ተጠሪዎች የሌሉበት ፓርላማ የተበታተነ ጉባኤ ይሆናል፤ መንግሥት ለመመሥረት፣ በጀት ለማጽደቅ፣ የተያዘ ሥራን ከዳር ለማድረስ ይቸገራል። መሪዎቹ ከአባላቱ ኅሊና በላይ ሲሆኑ ደግሞ ፓርላማው በሌላ ቦታ ያለቀ ውሳኔ የሚነበብበት አዳራሽ ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 56 መንግሥት የመምራትን ኃላፊነት ለፓርቲ ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 54 ደግሞ ተወካዩን ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዢ አድርጓል። ሁለቱ ሚዛን ጠብቀው እንዲሄዱ መሪዎች መስማትን፣ ተጠሪዎች ከታች ወደ ላይ ማድረስን፣ ተወካዮች ያመኑበትን መናገርን፣ መራጮችም ሳይሰለቹ መጠየቅን ሊለምዱ ይገባል።